ከጥፋት ውኃ ድኖ በወይን የወደቀው አባት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



በዚህ ዕትም ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ በዐውደ ምሕረት ላይ እምብዛም የማይነሣ፣ በየቤታችን ግን ብዙ እንባ የሚያስፈስስ ነው። ይኸውም የመጠጥ ሱስና ከእርሱ የማይለየው የመንፈስ ጭንቀት ነው። ለዚህም መነሻ የሚሆነን በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 ከቁጥር 20 ጀምሮ የተጻፈው የአባታችን የኖኅ ታሪክ ነው።

ጻድቁ ኖኅ ከመርከብ ከወጣ በኋላ ምድርን ማረስ ጀመረ፤ የወይን ተክልም አጸደቀ። ከፍሬው ጠጅ በጠጣ ጊዜ ሰከረ፤ በድንኳኑም ውስጥ ልብሱ ከላዩ ወድቆ ተኛ። ካም የአባቱን ዕርቃን አየና ወደ ውጭ ወጥቶ ለወንድሞቹ አወራ። ሴምና ያፌት ግን አንድ ልብስ አንሥተው በሁለቱም ጫንቃ ላይ አኖሩት፤ የኋሊትም እየተራመዱ ገብተው አባታቸውን ሸፈኑት። ፊታቸውን አዙረው ነበርና ዕርቃኑን አላዩም።

እንግዲህ በዚህ ታሪክ ውስጥ የወደቀው አንድ ሰው ነው፤ የተፈተኑት ግን ሦስት ናቸው። የኖኅ ስካር ለልጆቹ ፈተና ሆነ። ዛሬም በመካከላችን አንድ ወንድም ወይም አንዲት እኅት በመጠጥ ስትወድቅ የምትፈተነው እርሷ ብቻ አይደለችም፤ መላው ጉባኤ ይፈተናል።

ከውኃው በኋላ የመጣ ፈተና

አስቀድመን ልናስተውለው የሚገባን ኖኅ የወደቀበት ጊዜ ነው። ኖኅ በመርከቡ ውስጥ አልወደቀም። 40 ቀንና 40 ሌሊት ዝናብ ሲወርድ፣ ውኃው 150 ቀን በምድር ላይ ሲያይል፣ ቤተሰቡን እያጽናና እንስሳቱን እየመገበ ጸንቶ ቆሞአል። የወደቀው ውኃው ከጎደለ፣ ምድሪቱ ከደረቀች፣ የቃል ኪዳኑ ቀስተ ደመና ከታየ በኋላ ነው።

ለምን እንደ ጠጣ መጽሐፍ አይነግረንም፤ እኛም በመጽሐፍ ላይ አንጨምርም። ነገር ግን ኖኅ ማን እንደ ነበረ እናውቃለን። 600 ዓመት የኖረበት ዓለም ከነመንደሩ፣ ከነገበያው፣ ከነጎረቤቱ በውኃ ሥር የቀረበት ሰው ነበረ። እርሱ ድኖአል፤ የሚያውቀው ሁሉ ግን ጠፍቶአል።

ምእመናን ሆይ፣ ይህ ሰው ለስደተኛ እንግዳ አይደለም። ከመካከላችን በሌሊት የሱዳንን ድንበር በእግራቸው ያቋረጡ አሉ። በመጠለያ ሰፈር ዓመታት ያሳለፉ፣ ከእስር ቤት የወጡ፣ የሊቢያን በረሃና የሜዲትራኒያንን ባሕር ተሻግረው ጓደኞቻቸውን በመንገድ የቀበሩ አሉ። በዚያ ሁሉ መከራ አልተሰበሩም፤ አልጠጡም፤ ሌላውን ይደግፉ ነበር። ከዚያ በኋላ የመኖሪያ ፈቃዱ መጣ፤ ሥራው ተገኘ፤ ቤቱ ሞቀ። የጥፋት ውኃው ጎደለ። ያን ጊዜ፣ ሰው ሁሉ «ተሳካለት» በሚልበት ሰዓት፣ ከሌሊት ሥራ ተመልሶ ቤተሰቡ በተኛበት ብቻውን የተቀመጠው ሰው ጠርሙሱን ከፈተ። የእናቱን መርዶ በስልክ ሰምቶ፣ ሳይለቀስለት በማግሥቱ ሥራ የገባው ሰው መጠጡን የልቅሶ ድንኳኑ አደረገው።

ይህን የምንናገረው ለስካር ምክንያት ለማበጀት አይደለም። ስካር ኃጢአት መሆኑን ሐዋርያው በግልጽ አስተምሮናል (ገላ. 5፥21፤ ኤፌ. 5፥18)። ዳሩ ግን ቁስልን የሚያክም ሰው ቁስሉ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል።

ወይንና ስካር፣ ኃጢአትና ሕመም

ቤተ ክርስቲያን ወይንን ርኩስ አትልም። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ውኃውን የወይን ጠጅ አድርጎአል። ቅዱስ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን እንዲጠጣ መክሮታል (1ኛ ጢሞ. 5፥23)። ይህን ጥቅስ ብዙ ጠጪዎች በቃላቸው ያውቁታል። ነገር ግን ሐዋርያው «ጥቂት» ያለውን፣ ለሕመምተኛም እንደ መድኃኒት ያዘዘውን፣ ለጠርሙስ ሙሉ መጠጥ ፈቃድ ማድረግ በመጽሐፍ መቀለድ ነው። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 31 በልክ የተጠጣ ወይን ደስ እንደሚያሰኝ፣ ከልክ ያለፈው ግን ጠብንና መራራነትን እንደሚወልድ ሁለቱንም አንድ ላይ ያስተምራል።

በሀገራችን አረቄ ብዙ ቤት አፍርሶአል፤ የቀድሞውን ዘመን ንጹሕ አድርገን አንሳለው። ይሁን እንጂ ጠላው ቀጭን ነበረ፤ ብርሌው የሚነሣው በዓልና ጎረቤት ባለበት ነበረ፤ ብቻውን የሚጠጣን ሰውም ሽማግሌ «ምን ሆነሃል?» ብሎ ይጠይቀው ነበር። በስደት ሀገር ግን መጠጡ ብርቱ ነው፤ በየመንገዱ ማዕዘን ይሸጣል፤ ጠያቂ ሽማግሌም የለም። በአሜሪካ ሐኪሞች አንድ መለኪያ የሚሉት 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። ይህም አንድ ትንሽ ጠርሙስ ቢራ ወይም 45 ሚሊ ሊትር ውስኪ ነው። እንግዲህ በ750 ሚሊ ሊትር የውስኪ ጠርሙስ ውስጥ 17 ያህል መለኪያ አለ። በሁለት ሌሊት አንድ ጠርሙስ የሚጨርስ ሰው «ጥቂት እቀምሳለሁ» ቢል እንኳ በየሌሊቱ ከ8 መለኪያ በላይ ጠጥቶአል።

ይህ ልማድ ሲሰነብት የፈቃድ ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። አንጎል ራሱ ከመጠጡ ጋር ይላመዳል፤ የቀድሞውን ስሜት ለማግኘት ብዙ ይጠይቃል፤ ሲከለከልም ሰውነት ይንቀጠቀጣል። የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በ2019 በመላው ዓለም 400 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ከመጠጥ ጋር የተያያዘ ሕመም እንዳለባቸው፣ በዚያው ዓመትም 2.6 ሚሊዮን ሰዎች በአልኮል ምክንያት እንደ ሞቱ ገልጾአል። ስለሆነም ሱስ በፈቃድ በር የሚገባ፣ ከገባ በኋላ ግን ፈቃድን ራሱን የሚያስር ሕመም ነው። ኃጢአቱ ንስሐ ይፈልጋል፤ ሕመሙ ሐኪም ይፈልጋል። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ሰውየውን በግማሽ መፈወስ ነው።

አንዳንዱ «እኔ ሱሰኛ አይደለሁም፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን አልቀምስም» ይላል። መልካም ነው። ነገር ግን ትንሣኤ በዋለ ጊዜ ወደ ጠርሙሱ የሚመለስበት ፍጥነት ይመስክርበት። ሌላው ደግሞ ቅቤና ወተት በአፉ ሳያዞር በጾሙ ወራት ሁሉ «መጠጥ የጾም ነው» እያለ ይጠጣል። ይህ ሰው ከላሚቱ ጾሞአል፤ ከራሱ ግን አልጾመም።

በክትክታው ዛፍ ሥር

መጠጥና ትካዜ እንደ ሁለት ሌቦች ናቸው፤ አንዱ በር ሲከፍት ሌላው ይገባል። አንዳንዱ ስላዘነ ይጠጣል፤ አንዳንዱም ስለሚጠጣ ያዝናል። መጠጡ ለጊዜው ያስረሳል፤ እንቅልፍም የሚያመጣ ይመስላል። ነገር ግን እንቅልፉን ይሰብረዋል። ሰውየው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በላብ ተጠምቆ ይነቃል፤ ንጋቱም ከትናንቱ ይከብደዋል። ያን ክብደት ለማንሣት እንደገና ይጠጣል። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ብዙ ሰዎች መጠጡን ባቆሙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጭንቀታቸው ይቀልላቸዋል። ካልቀለለ ግን ጭንቀቱ ራሱን የቻለ ሕመም ነውና ለብቻው ሊታከም ይገባዋል።

በእኛ ዘንድ ይህ ሕመም በስሙ አይጠራም። «ሆድ ባሰኝ»፣ «ራሴን ያመኛል»፣ «ድካም ድካም ይለኛል» እንላለን። አንድ ሰው ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ እንቅልፍ ካጣ ወይም ከአልጋ መነሣት ካቃተው፣ ምግብ ካስጠላው፣ ቀድሞ ደስ ያሰኘው ከነበረ ነገር ሁሉ ልቡ ከራቀ፣ ከንቱነት ከተሰማው፣ ይህ ስንፍና አይደለም፤ ሕመም ነው።

«እምነት ያለው ሰው አይጨነቅም» የሚሉም አሉ። እነዚህ የነቢዩ የኤልያስን ታሪክ ዘንግተዋል (1ኛ ነገ. 19)። ኤልያስ በቀርሜሎስ ተራራ እሳት ከሰማይ ካወረደ በኋላ ወደ ምድረ በዳ ሸሽቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ነፍሱንም እንዲወስዳት እግዚአብሔርን ለመነ። እሳት ያወረደ ነቢይ ሞትን ተመኘ! እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። «እምነትህ የት ሄደ?» አላለውም። አስተኛው። መልአክ ልኮ ቀሰቀሰው፤ በፍም የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ሰጠው። በላ፤ ጠጣ፤ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ ጊዜ መጥቶ መገበው፤ መንገዱ እንደሚበዛበትም ነገረው። እግዚአብሔር ነቢዩን በኮሬብ ተራራ ያነጋገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አስቀድሞ እንቅልፍ፣ እንጀራና ውኃ፤ ከዚያ በኋላ ቃል።

ኤልያስ በኮሬብ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ነበር። እግዚአብሔር ግን ለበዓል ያልሰገዱ 7,000 ሰዎች እንዳሉ ነገረው፤ ኤልሳዕንም በእርሱ ፋንታ ነቢይ ይሆን ዘንድ እንዲቀባው አዘዘው። ትካዜ ሁልጊዜ «ብቻህን ነህ» ይላል፤ እግዚአብሔር ደግሞ ሰው ይልካል። የሚላከውም ሰው እኛ ነን።

እዚህ ላይ በግልጽ መናገር ያለብን ነገር አለ። በትካዜና በመጠጥ መካከል ያለ ሰው ሞትን ሊመኝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «ራስህን ልትጎዳ አስበሃልን?» ብሎ በፍቅር መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። አዎን ካለ ብቻውን አትተዉት። በአሜሪካ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 988 በመደወል በማንኛውም ሰዓት እርዳታ ይገኛል፤ በብሪታንያ 116 123 አለ፤ በአውሮፓ ኅብረት ሀገሮች ለአስቸኳይ አደጋ 112 ይደወላል።

ሦስት መንገዶች

ወደ ኖኅ ድንኳን እንመለስ። የወደቀን ሰው ባየን ጊዜ ሦስት መንገዶች ይከፈቱልናል።

የመጀመሪያው የካም መንገድ ነው። ካም ያየው እውነት ነበረ፤ ውሸት አላወራም። በደሉ እውነቱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ ማውጣቱ፣ ለአባቱ ግን ምንም አለማድረጉ ነው። ከቅዳሴ በኋላ በቡናው ዙሪያ «እገሌ መንጃ ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ጠጥቶ ያዙት»፣ «እገሊትስ ሥራ የለቀቀችው ለምን ይመስላችኋል?» እየተባለ የሚወራው የካም ወሬ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት የሚያቆመው እግዚአብሔርን ፈርቶ አይደለም፤ እኛን ፈርቶ ነው። መጠጥ ቤቱ አያማውምና ወደዚያ ይሄዳል። ይህ ጉዳይ ለሴቶች እኅቶቻችን የባሰ ነው፤ እፍረቱ እጥፍ ስለሚሆንባቸው በጓዳ ይጠጣሉ፤ በጓዳም ይታመማሉ።

ሁለተኛው የመደበቅ መንገድ ነው። ይህ የካም ተቃራኒ ይመስላል፤ ነገር ግን እርሱም ሰውን ያጠፋል። ሚስት ለባልዋ አለቃ ደውላ «ጉንፋን ይዞታል» ትላለች። ልጅ ጠርሙሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ይሸሽጋል። ወንድም የመጠጡን ዕዳ በዝምታ ይከፍላል። ይህ ሁሉ ከፍቅር የመጣ ነው። ነገር ግን አባቶቻችን በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ብለዋል።

ሦስተኛው የሴምና የያፌት መንገድ ነው። እነርሱ አላወሩም፤ አልደበቁምም። ወደ ድንኳኑ ገቡ። ልብስ ይዘው ገቡ። ለማየት ሳይሆን ለመሸፈን ገቡ። አንድም ነገር ልብ እንበል፤ ልብሱን የተሸከመው አንድ ሰው አልነበረም። በሁለት ሰዎች ጫንቃ ላይ ነበረ። በመጠጥ የታሰረን ሰው ብቻዋን ልትሸከም የምትሞክር ሚስት፣ ብቻውን ሊያድን የሚደክም ልጅ ከሸክሙ ሥር ይወድቃል።

ልብሱ ምንድን ነው?

«እንግዲህ ምን እናድርግ?» የሚል ይኖራል። ልብሱ ከአራት ክሮች የተሠራ ነው እንላለን።

አንደኛው ሕክምና ነው። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው በራሱ ፈቃድ በአንድ ሌሊት ማቆም አደገኛ እንደሆነ ብዙዎቻችን አናውቅም። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ በሰዓታት ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ሰውየው ሊቃዥ፣ የሌለውን ሊያይ፣ ካልታከመም ሊሞት ይችላል። ስለሆነም «በር ቆልፈን እናስተወው» ማለት ወይም መጠጡን በድንገት አስጥሎ ወደ ሩቅ ጸበል መውሰድ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። ሐኪም ይህን ጊዜ በመድኃኒት ያሻግራል። ከዚያ በኋላም የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች አሉ፤ ናልትሬክሶን የተባለው በአሜሪካ ለዚህ ሕመም ከተፈቀደ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የጭንቀት መድኃኒትም በጥቂት ቀን አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋልና «አልረዳኝም» ብሎ ቶሎ መጣል አይገባም።

ይህን መቀበል እምነት ማጉደል አይደለም። ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እርሱ መሆኑን ያስተምራል፤ የታመመ ሰው እንዲጸልይ፣ ለሐኪሙም ስፍራ እንዲሰጠው ያዝዛል። ጸበሉንም መድኃኒቱንም የሰጠ አንድ አምላክ ነው። ጸበል የሚጠመቅ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን አያቋርጥ። ቋንቋው ለሚያስቸግረው ደግሞ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ያለ ክፍያ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው። ልጆቻችሁን ለዚህ ነገር አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የአባቱን ሕመም በገዛ አንደበቱ የሚተረጉም ሕፃን ከአቅሙ በላይ ተሸክሞአል።

ሁለተኛው ንስሐ ነው። ብዙ ሰው መጠጥ ለማቆም ሲነሣ በታቦት ስም ይገዘታል፤ «ሁለተኛ ብቀምስ ሚካኤል ይፍረድብኝ» ይላል። በሦስተኛው ወር ሲወድቅ ግን ሁለት ነገር ያጣል፤ ከመጠጡ አልዳነም፣ ግዝቱን በማፍረሱም ፈርቶ ከቤተ ክርስቲያን ይርቃል። ቅዱስ ሚካኤል የደካሞች ረዳት እንጂ ከፊቱ የምንሸሸው ከሳሽ አይደለም። እንግዲህ ሳትመክሩ አትገዘቱ። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ። በዕሥራኤል ላይ የወረደውን መና አስቡ (ዘጸ. 16)፤ እግዚአብሔር የሰጠው የዕለቱን ነበረ፤ ለነገ ያስቀመጡት ተላ። ከመጠጥ መታቀብም እንደ መና ነው። የዕድሜ ልክ መሐላ ከመማል ይልቅ ጠዋት «ጌታዬ ሆይ፣ የዛሬን ስጠኝ» ብሎ መለመን፣ ማታም «ስለ ዛሬው ተመስገን» ብሎ መተኛት ይበልጣል። ቢወድቁም በዚያው ሳምንት ለንስሐ አባት መንገር ነው፤ ጻድቅ ሰባት ጊዜ ወድቆ የሚነሣ መሆኑን ጠቢቡ ሰሎሞን ተናግሮአልና።

ሦስተኛው ባልንጀራ ነው። ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም ሽፍታ የነበረ፣ በኋላም በአስቄጥስ ገዳም የመነኮሰ አባት ነው። የድሮው ልማዱ በውጊያ ባስጨነቀው ጊዜ ብቻውን በበዓቱ መቀመጥ አልተቻለውም፤ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄደ። አባ ኤስድሮስ ወደ ሰገነት አወጣውና በምዕራብ የሚዋጉትን አጋንንት፣ በምሥራቅ ደግሞ የሚረዱትን መላእክት አሳየው፤ ከእኛ ጋር ያሉት እንደሚበዙም ነገረው። ያ ብርቱ አባት እንኳ ሰው አስፈለገው! በዚህ ሀገር አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባል ኅብረት አለ። በ1935 እ.ኤ.አ. በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በአክረን ከተማ በሁለት ሰዎች፣ በአንድ የአክሲዮን ደላላና በአንድ ሐኪም ተጀመረ። ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ነበሩ፤ አንዱ ታማሚ ሌላውን ታማሚ ሲረዳ ራሱም እንደሚጸና ተረዱ። ክፍያ የለውም፤ የቤተሰብ ስምም አይጠየቅበትም። ለቤተሰቦች ደግሞ ከ1951 ጀምሮ አል አኖን የሚባል ኅብረት አለ። እነዚህ የቤተ ክርስቲያናችንን ምሥጢራት አይተኩም። ነገር ግን የሚረዳ እጅ ከወዴትም ቢዘረጋ መያዝ ተገቢ ነው፤ በመንገድ ለቆሰለው ሰው የደረሰለት ሳምራዊ እንጂ ካህኑ አልነበረም።

አራተኛው ማዕዳችን ነው። በክርስትናው፣ በሠርጉ፣ በማኅበሩ፣ በሐዘን ቤቱ ሳይቀር መጠጥ ይቀርባል። እምቢ ያለውን «በሞቴ!» እያልን እናስጨንቀዋለን። ይህን ቃል ስንናገር ፍቅራችንን መግለጻችን ነው፤ ነገር ግን በሱስ ለታሰረ ሰው ያ አንድ መለኪያ የእርሱን ሞት ሊጠራ ይችላል። «አልጠጣም» ያለን ሰው ለምን ብላችሁ አትጠይቁት። በእያንዳንዱ ማኅበር ብርዝ፣ የሱፍ ወይም የተልባ ውኃ ከመጠጡ እኩል ይቅረብ። ማንም ሰው ብርጭቆውን እየሸሸገ የሚቀመጥበት ማዕድ የክርስቲያን ማዕድ አይባልም።

በድንኳኑ ውስጥ ላለኸው

አሁን ደግሞ ይህን ጽሑፍ ብቻህን ሆነህ ለምታነብ ወንድማችን፣ ብቻሽን ሆነሽ ለምታነቢ እኅታችን አንድ ቃል አለን።

ምናልባት «ለእኔ አልፎአል» ትላለህ። ለልጆችህ የገባኸውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳፈረስህ ቆጥረሃል። ቅዱስ ቍርባንንም ከመራቅህ የተነሣ ዓመታት ሆኖሃል፤ «የወይን ጽዋ ለእኔ አይሆንም» ብለህም ትፈራለህ። ይህ ፍርሃት ግን ሊያርቅህ አይገባም። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት የጽዋው ወይን ዘቢብ በውኃ ተዘፍዝፎ ለቅዳሴው የሚጨመቅ ነው፤ በቅዳሴውም የክርስቶስ ክቡር ደም ይሆናል። ፍርሃትህን ለንስሐ አባትህ ንገረው፤ መንገዱን ያሳይሃል። ኖኅ ያጸደቀው የወይን ፍሬ ለመውደቂያ ሆነው፤ ጌታ በሐሙስ ምሽት ያነሣው የወይን ፍሬ ግን ለመነሻ ተሰጠን።

ደግሞም ይህን አስታውስ፤ መጽሐፍ የኖኅን ታሪክ በድንኳኑ ውስጥ አልዘጋውም። ኖኅ ነቃ። ከጥፋት ውኃም በኋላ 350 ዓመት ኖረ። ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን የእምነት አባቶችን ሲቆጥር ኖኅን ከመዝገቡ አልፋቀውም፤ መርከብ የሠራ ጻድቅ ብሎ ጠራው እንጂ (ዕብ. 11፥7)። የአንድ ሌሊት ዕርቃን የአንድ ሰው ስም አይሆንም። አንተም በእግዚአብሔር ዘንድ የምትጠራው በወደቅህበት ሌሊት አይደለም።

ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገር። ለንስሐ አባትህ ቢሆን፣ ለሐኪም ቢሆን፣ ለምታምነው ወንድም ቢሆን፣ ለአንድ ሰው ንገር። እኛም፣ ምእመናን ሆይ፣ ያ ሰው የነገረን እንደ ሆነ ወሬውን ይዘን ወደ ውጭ አንውጣ። ልብሱን እናንሣ፤ ሁለት ሆነን በጫንቃችን እንያዝ፤ ወደ ድንኳኑም እንግባ።

ኖኅን ከጥፋት ውኃ ያወጣ፣ ኤልያስን በክትክታው ዛፍ ሥር የመገበ፣ ሙሴ ጸሊምን በበረሃ ያጸና ልዑል እግዚአብሔር በመጠጥና በትካዜ የታሰሩትን ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ይፍታልን፤ ቤተሰቦቻቸውን ያጽናልን፤ እኛንም ሸፋኝ እንጂ ገላጭ እንዳንሆን ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።